የአዳራሹ ደንብ ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

ቴአትር ተመልካች አጥቷል፣ ወጣቱ ዓይኑን ከስልኩ መንቀል አቅቶታል፣ በክፍለ ሀገር ከተሞችማ መድረክ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል የሚል አስተያየት በየውይይቱና በየቃለ ምልልሱ ስሰማ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ተናጋሪዎቹ ከእኔ የተሻለ የተማሩ ናቸውና የሚያውቁት ነገር ይኖራል በሚል ነበር ዝም ያልኩት። ይሁን እንጂ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ቴአትር ሲያዘጋጅ፣ ተዋንያን ሲያስጠና፣ አግዳሚ ሲሸከምና ከትዕይንቱ በኋላ አዳራሽ ሲጠርግ የኖረ ሰው የሚያየው ነገር ከዚህ የተለየ መሆኑን ለአንባቢ ማድረስ ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። እኛ ተመልካች አላጣንም። ያጣነው በዚህ ቀን እናሳያለን ብለን የምንናገርበት፣ ተናግረንም የማናፍርበት አንድ የታወቀ ቀን ነው።

የከተማዬን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። እንዲህ ያለው ችግር የሚደርሰው በእኛ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች ከተሞች የቴአትር ወዳጆች ጋር በተገናኘሁ ቁጥር እሰማለሁ፤ ደግሞም ደብዳቤዬ አንድን ኃላፊ ለመክሰስ እንደተጻፈ ተደርጎ እንዳይነበብብኝ እፈልጋለሁ።

ቡድናችን የተመሠረተው በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ይቋቋም ስለነበር፣ እኔም የአማርኛ መምህር በመሆኔ ለክበቡ ጭውውት እንዳዘጋጅ ተመደብኩ። የዘመኑን ጭውውት ያየ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያስታውሰዋል፤ አንድ ባል ከቤቱ አምሽቶ መጠጥ ቤት ይገባል፣ በሁለተኛው ትዕይንት ሌላ ሴት ያገኛል፣ በሦስተኛው ያስላል፣ በአራተኛው ይሞታል፣ በመጨረሻም ነጭ ጋወን የለበሰች ተማሪ ወደ ተመልካቹ ዞራ ምክር ትሰጣለች። ተመልካቹ ይህን ሥርዓት ከማወቁ የተነሣ ባልየው ገና የመጀመሪያዋን ሳል ሲስል አዳራሹ በሳቅ ያውካካ ነበር። በዚያ ከባድ ዘመን፣ ከመካከላችን ብዙዎች ዘመድ በቀበሩበት ወቅት፣ በሳል መሳቃቸው መጀመሪያ አስቆጥቶኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ሕዝቡ የሳቀው በእኛ ስንፍና እንደሆነ ገባኝ። ፍጻሜው ከቤት ሳይወጣ የሚታወቅ ቴአትር እያሳየነው፣ እንዲያለቅስልን ስንጠብቅ ነበርና።

በ1999 ዓ.ም. በሙያው ልብስ ሰፊ የሆነ አባላችን በአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ የጻፈውን የሁለት ሰዓት ቴአትር ይዞልን መጣ። ታሪኩ ከአባታቸው በወረሱት ቦታ የተነሣ ፍርድ ቤት ስለቆሙ ሁለት ወንድማማቾች ነበር። በከተማችን ከሦስት ቤት አንዱ እንዲህ ያለ ክርክር የሚያውቅ ስለሆነ፣ ያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ ሳቅም ፉጨትም አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ሲናገር ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና «ልጁ እውነት አለው!» ብለው ጮኹ፤ ከኋላቸው የነበሩ ሌላ አዛውንት ደግሞ «ምን እውነት አለው፣ እናቱን የጦረ ማነው?» ብለው መለሱላቸው። ተዋንያኑ ቃላቸውን ይዘው ለአምስት ደቂቃ ያህል ሁለቱ አዛውንት ተከራክረው እስኪጨርሱ ጠበቁ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ይህን ስሰማ፣ ከዚህ በኋላ ጭውውት አላዘጋጅም ብዬ ለራሴ ወሰንኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የቡድናችን ኑሮ ማንም በጎ ፈቃደኛ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ጥናታችን ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እናጠናለን። አባሎቻችን መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ ተማሪዎች፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ልብስ ሰፊውና ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ናቸው። ከሹፌሮቹ አንዱ ቃሉን የሚይዘው ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን የገዳይ ገጸ ባሕርይ ተሰጥቶት ሳለ፣ ከኋላው ተሳፋሪ መግባቷን ልብ ሳይል መስተዋቱን እያየ «ዛሬ ከእጄ አታመልጥም!» ሲል ያገኙት እናት ባጃጇ እየተንቀሳቀሰች ሊወርዱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ኋላ ነገሩን ሲረዱ ግን ቲኬት ገዝተው መጥተው ከፊት ተቀምጠው አዩት።

ሴት ተዋናይ ማግኘትና ማቆየት ከሁሉም የከበደን ነገር ነበር። በሀገራችን የዘመናዊ ቴአትር ጅማሬ ላይ የሴቶችን ገጸ ባሕርያት ወንዶች ይጫወቱ እንደነበር በታሪክ እናነባለን፤ በእኛ ከተማ ታሪኩ ያለፈ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ጎበዝ መሆኗን አይቼ ወላጆቿ ቤት ድረስ ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ፣ እናትየዋ ቡና ካፈሉልኝ በኋላ «ጋሼ፣ ልጄን እንድታስተምርልኝ ሰጠሁህ እንጂ አዝማሪ አድርግልኝ አላልኩህም» አሉኝ። አዝማሪነት ነውር እንዳልሆነ ልከራከራቸው አልሞከርኩም፤ ይልቅስ መጥተው ጥናቱን እንዲያዩ ለመንኳቸው። እንዝርታቸውን ይዘው መጡ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፈተሉ፣ ሦስት ቀን ያለ አንዲት ቃል ተመለሱ። በአራተኛው ቀን «ይሄ የለበሰችው ቀሚስ የሙሽራ አይደለም፣ የለቅሶ ነው፤ ማን ነው ያለበሳት?» ብለው ተቆጡ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የአልባሳት ኃላፊያችን እርሳቸው ናቸው። ልጅቱ ስድስት ዓመት ከእኛ ጋር ስትሠራ ቆይታ፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቿ ለሥራ ወደ ኩዌት ሄደች። ቀድሞ መጋረጃችን ከአቡጀዲ የተሰፋና ሰው ከኋላው ሲለብስ ጥላው የሚታይበት ነበር፤ አሁን ያለንን ወፍራም ቀይ መጋረጃ የላከችልን እርሷ ናት። በየትዕይንቱ ማብቂያ መጋረጃው ሲዘጋ እናቷ ጫፉን በእጃቸው ሲዳስሱት አያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ልመለስ። አዳራሻችን ወንበሮቹ ስለተሰባበሩ ለቴአትር ቀን አግዳሚ የምንዋሰው ከአንድ እድር ነው። የእድሩ ዳኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንጠይቃቸው መተዳደሪያ ደንቡን አውጥተው አነበቡልን። ዕቃ ሲፈለግ በቅድሚያ ለለቅሶ፣ ቀጥሎ ለአባል ሠርግ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ጉዳይ እንደሚሰጥ፤ የተሰበረ ዕቃ እንዴት እንደሚተካ፤ የሚከፈለው ስንት እንደሆነና ለማን እንደሚከፈል ሁሉ ተጽፏል። በ2011 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ትዕይንቱ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። አንድ አባል ዐርፈው ነበር። ጸሐፊው እየሮጠ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ አግዳሚዎቹን እንድንመልስ ነገረን፤ እኛም ሜካፓችንን ሳናጥብ፣ አንዱ ባለ ጺም ንጉሥ፣ ሌላው ባለ ሻሽ ባልቴት እንደሆነ፣ አግዳሚዎቹን ተሸክመን ለቅሶ ቤት አደረስን። በዚያው ቀን ማታ ዳኛው ልጃቸውን ልከው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ባይሞት አግዳሚው የእኛ እንደሆነ አስነገሩን። ማንም አልተቆጣም፣ ቲኬት የገዛ ሰውም ገንዘቡን መልሱልኝ አላለም። ለምን እንደተቋረጠ፣ መቼ እንደሚቀጥል ሁሉም ያውቅ ነበርና።

የአዳራሹ ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። ባለፈው ዓመት በጥር ወር የደረሰብንን ብቻ ልናገር። ከ15 ቀን በፊት በማኅተማችን ደብዳቤ አስገባን፤ ተፈቅዷል የሚል ምላሽ በጽሑፍ ደረሰን፤ የአዳራሹን ክፍያ ከፍለን ደረሰኝ ተቀበልን። በየሰፈሩ ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ሞንታርቦ በባጃጅ ጭነን ሁለት ቀን ዞርን፣ በ30 ብር ሂሳብ 184 ቲኬት ሸጥን። የቅዳሜው ትዕይንት በ10 ሰዓት ይጀመር ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃችንን ልንሰቅል ስንደርስ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ውስጥ ሥልጠና እየተሰጠ እንደሆነ ነገረን። ደረሰኛችንን አሳየነው፤ አንብቦ በአክብሮት መለሰልንና «እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» አለን። የፈቀዱልን ሰው ስልካቸውን አላነሡም። ሥልጠናው የመጣው ከላይ ነው፣ ትናንት ማታ ነው የተነገረን፣ እናንተ ሌላ ቀን ታሳያላችሁ የሚል ቃል ከአንድ ሠራተኛ አገኘን። የትኛው ሌላ ቀን እንደሆነ ግን ሊነግረን የቻለ አልነበረም።

ሕዝቡ መጥቶ ነበር። አዛውንት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ከገጠር ገበያ ውለው የቀሩ ሰዎች ሳይቀሩ በአዳራሹ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ በመስኮቱ በኩል የሥልጠናው ስላይድ ይታይ ነበር። ከአንድ ሰዓት ልመና በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ግቢያቸውን ፈቀዱልን። ተሸክመን፣ ተንጋግተን ሄድን፤ መጋረጃውን በሁለት ዛፎች መካከል ወጠርነው። ትዕይንቱ የተጀመረው 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ስለነበር በሁለተኛው ገቢር ጨለመ። በዚያ ላይ መብራት የለም። ሹፌር አባሎቻችን ጓደኞቻቸውን ጠርተው አራት ባጃጆች ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረው መብራታቸውን አበሩልን። ተዋንያኑ በብርሃኑ ዓይናቸው ስለታወረ ተመልካቹን ማየት አቃታቸው፤ ጥላቸው በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የዛፍ ያህል ረዝሞ ይወዛወዝ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ቃላቸውን ስለዋጠው እየጮኹ ተጫወቱ። ሁለት ትዕይንት ዘልለን ጨረስን። መቆም ያቃታቸው አዛውንቶችና ልጅ የያዙ እናቶች በመሐል ሄደዋል፤ ለ61 ሰው ገንዘቡን መልሰናል።

ይህ ታሪክ በከተማችን እንደ ጀግንነት ይወራል፤ ወጣቶቹም የባጃጁ ሌሊት እያሉ ይኮሩበታል። እኔ ግን ሲወራ ደስ አይለኝም። ለሁለት ወር የታሸ ድምፅ፣ በሹክሹክታ ይባል ዘንድ የተጠና ቃል፣ በሞተር ጩኸት መካከል ተጩኾ ተበላሸ። የእናትየዋና የልጇ የመጨረሻ ንግግር፣ የቴአትሩ ልብ የሆነው፣ ሳይሰማ ቀረ። ብልሃት መፍጠራችን ሲመሰገን የሚሸፈነው ነገር፣ ብልሃት እንድንፈጥር ያስገደደን ሰው ማንም አለመጠየቁ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስብን ያ ሦስተኛው ጊዜ ነበር።

ለፍትሕ ያህል የአስተዳደሩን ወገን ክርክርም ልጻፍ። አዳራሹ የከተማው ብቸኛ አዳራሽ ነው፤ ምክር ቤቱ ይሰበሰብበታል፣ ሥልጠና ይሰጥበታል፣ ድንገተኛ ነገር ሲመጣም ሌላ መሄጃ የለም። እኛም ንጹሖች አይደለንም። በ2008 ዓ.ም. በጦርነት ትዕይንት ላይ የመድረኩን ጣውላ ሰብረን ለመጠገን ሁለት ወር ፈጅቶብናል፤ የተመልካቹ የሱፍ ገለባና የኦቾሎኒ ልጣጭ ከወንበር ሥር በሰኞ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ የተወቀስንበት ቀንም አለ። ኃላፊዎቹም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ አንዱን አስረድተን ስንጨርስ ሌላው ይሾምና ከሀ እንጀምራለን። ለዚህም ነው ከአንድ ደግ ኃላፊ ይልቅ አንድ ገጽ ደንብ የምመርጠው። ደጉ ሰው ይዛወራል።

በሌላ በኩል ስለ ተመልካች የሚባለው ነገር ግማሽ እውነት እንዳለው አምናለሁ። አንድ ጊዜ አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በሚጋጠሙበት ሰዓት ቴአትር አሳይተን የመጣልን ሰው 19 ነበር፤ ከእነርሱም ሦስቱ የተዋንያን እናቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የጨዋታ ፕሮግራም ሳናይ ቀን አንቆርጥም። ወጣቱ ለኳስ ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቶ የሚያድረው ግን ኳስ ስለሚወድ ብቻ አይመስለኝም፤ ቅዳሜና እሑድ በዚህ ሰዓት ጨዋታ እንዳለ፣ በሩም ክፍት እንደሚሆን ስለሚያውቅ ጭምር ነው። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶችም የኖሩት በዚሁ ልማድ ነው፤ አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ተሰጥቶት ለወራት ሲታይ፣ ሰው ቀኑን ከቴአትሩ ስም ጋር አብሮ ይይዘዋል። እኛ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በማይታወቅ ቅዳሜ፣ ያውም ባልተረጋገጠ በር ሕዝብን ጠርተን ልማድ እንዲያወጣ ልንጠብቅ አንችልም።

አዳራሹ የሚከፈትልን ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ኅዳር 22 የዓለም የኤድስ ቀን ሲደርስ፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲመጣ ስልኬ ይጮኻል። «መምህር፣ ከአሥር ደቂቃ የማትበልጥ፣ መልእክት ያላት ነገር አዘጋጁልን» እባላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ሲቀረው። በዚያ ቀን ቁልፍ ያዡ ቀድሞን ይመጣል፣ ጀነሬተር ይነሣል፣ ማይክ ይሞከራል። ከንግግሮቹ መካከል ገብተን እንጫወትና የታሸገ ውሃና ቲሸርት ተሰጥቶን እንሸኛለን። ማድመቂያ ይሉናል። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ ግን ወጥ ሳይኖር ቅመም ብቻ የሚጠራበት ቤት ይመስለኛል።

እኔ በ1970ዎቹ አጋማሽ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ከበሮ መቺ ነበርኩ። የእኔ ዕድሜ ያላቸው አንባቢዎች እንደሚያስታውሱት በዚያን ጊዜ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ነበር፤ አዳራሹም፣ መሣሪያውም፣ የደንብ ልብሱም ከመንግሥት ይመጣ ነበር፤ የምንዘምረውም እንዲሁ። አዳራሽ ሰጥተው ቃላችንን ወሰዱብን ማለት ይቻላል። ያን ዘመን የሚናፍቁ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አልናፍቀውም። ነገር ግን ዛሬ ቃሉን ራሳችን የምንጽፍ ከሆነ፣ የምንናገርበትን ጣሪያ ደግሞ በራሳችን ግብር ከተሠራ አዳራሽ ውስጥ መጠየቃችን ከልክ ያለፈ ጥያቄ አይመስለኝም።

የበጎ ፈቃድ ቴአትር የልጆች ጨዋታ ነው ብለው የሚያቃልሉንም አሉ። ለእነርሱ የማስታውሳቸው፣ ዛሬ ትልቁ ስም ያለው የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጣሊያን ወረራ ባንዣበበበት ወቅት ሕዝብን ለማንቃት የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር እንደነበረ ነው። ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የተነሡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔያቸውን ወደ መድረክ ያወጡት ተማሪዎቻቸውን ተዋናይ አድርገው ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቷል። ያ የአምቦ ትምህርት ቤት መድረክ በዚያ ቀን ለስብሰባ ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ማሰቤን አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

የምጠይቀው በጀት አይደለም። ከሂሳብ መዝገባችን እንደሚታየው አንድ ሙሉ ጊዜ ቴአትር ስናዘጋጅ ለማስታወቂያ፣ ለቲኬት ማሳተሚያ፣ ለሞንታርቦ ኪራይና ለጀነሬተር ነዳጅ የሚወጣው ገንዘብ ከመግቢያ ይሸፈናል፤ ሲተርፍ ቡና እንጠጣለን፣ ሲጎድል እናዋጣለን። የምጠይቀው እድሩ ያለውን ዓይነት ደንብ ነው። አዳራሹ ለማን በቅድሚያ እንደሚሰጥ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። የምክር ቤት ጉባኤና እውነተኛ ድንገተኛ አደጋ ቅድሚያ ይኑራቸው፤ በዚህ አንከራከርም። ከእነዚህ ውጭ ግን አስቀድሞ የከፈለና ደረሰኝ የያዘ ሰው፣ እኛም እንሁን፣ ሠርግ ያለው ቤተሰብም ይሁን፣ ሥልጠና ሰጪ ድርጅትም ይሁን፣ ቀኑ ሊነጠቅ አይገባም። መነጠቁ የግድ ከሆነም ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይነገረው፣ ምትክ ቀኑ በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍለት፣ የነጠቀው ክፍልም የማስታወቂያውን ወጪ ይተካ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከገንዘቡ ይልቅ ለጥንቃቄው ይጠቅማል፤ ወጪ እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው ስብሰባውን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር አያቅተውም። ባለፈው ጥር በአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሠልጣኞች 35 ያህል ነበሩ፤ አንድ የመማሪያ ክፍል ይበቃቸው ነበር።

ከዚህም ጋር በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ የመጀመሪያውም ይሁን የመጨረሻው፣ ለኪነ ጥበብ ይመደብ። የእኛ ብቻ ይሁን አላልኩም። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች ግጥም ያንብቡበት፣ የሰንበት ተማሪዎችና የመድረሳ ልጆች መዝሙራቸውንና መንዙማቸውን ያሰሙበት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተውኔት የጻፉ ወጣቶች ያሳዩበት፤ ተራው ሲደርሰን እኛም እንገባለን። በየወረዳው የባህል መሥሪያ ቤት ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምረው የመጡ ወጣት ባለሙያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ቀናቸውን የሚያሳልፉት ሪፖርት በመጻፍ እንደሆነ ራሳቸው አጫውተውኛል። የተማሩትን የሚሠሩበት ቅዳሜ በወር አንድ ቢኖራቸው ከእኛ የበለጠ የሚደሰቱት እነርሱ ይመስሉኛል። በእኛ በኩል አዳራሹን ከትዕይንት በኋላ በዚያው ሌሊት ጠርገን ለማስረከብ፣ ከቲኬት ሽያጭ አንድ አሥረኛውን ለወንበር ጥገና ለመስጠት፣ ለመድረኩም አምፖል ለመግዛት ፈቃደኞች መሆናችንን በጽሑፍ አቅርበናል።

ያቀረብነውም ከሁለት ወር በፊት ነው። ከማመልከቻችን ጋር የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ግልባጭ፣ የዳኛውን ፈቃድ ጠይቀን፣ አያይዘነዋል። ይህን ደብዳቤ እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ መልስ አልደረሰንም። ልብስ ሰፊው አባላችን ከውጭ ሀገር ስለተመለሰች አንዲት ሴት አዲስ ተውኔት ጽፎ ጨርሷል፤ ጥናቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ይካሄዳል፤ የአልባሳት ኃላፊያችን ቀሚሷን ሰፍተው ሰቅለውታል። ሦስት መቶ ቲኬት ታትሟል። ማተሚያ ቤቱ ሲጠይቀን ቀኑ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ እንዲተውልን ነግረነዋል።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ትንሽ ከተማ የበጎ ፈቃድ ቴአትር ቡድን አስተባባሪ